ከባናው ጀርባ የነበረው እንግዳ

ዝናብ የነካው የሱፍ ባና ሲሸተኝ ዛሬም ሳላስበው ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። መንዝ፣ እናቴ ቤት፣ እታታ የምንላት አክስቴ በታመመችበት ክረምት የጓዳው በር ላይ ባና ተሰቅሎ ነበር፤ እሷ ጡቷን በጨርቅ አስራ ከጀርባው ተኝታ፣ እኔ ምን እንዳመማት በጠየቅሁ ቁጥር እናቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እንግዳ ነው የያዛት፤ ስሙን ከጠሩት ይሰማል» ትለኝ ነበር። ካንሰር የሚባል ቃል እኛ ቤት አይነሳም። እኔ ሞኟ እንግዳ ሲባል እውነተኛ ሰው መስሎኝ፣ ጆሮዬን ባናው ላይ ለጥፌ አዳምጥ ነበር፣ አንዳንዴም የሁለት ሰው ትንፋሽ እሰማ ነበር።

ገብሱ ሲታጨድ እታታ ሞተች። ባናው ግን አልወረደም። እንግዳው ሲወጣ ያየ ሰው ስላልነበረ፣ ርቦት ወደ እናቴ እንዳይዞር ብዬ ከድርሻዬ ቆሎ ዘግኜ ከባናው ጀርባ አስቀምጥለት ነበር፣ ጠዋት ሳየው አንድ ፍሬ አይገኝም።

በጋው ሲገባ እናቴ ልብስ ስትቀይር ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመረች። አንድ ቀን ብብቷን እየዳሰሰች «መጣህ?» ስትል ሰማኋት። እያበላሁ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ እናቴን የምገድላት እኔ ነኝ ብዬ እህል እምቢ አለኝ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ወጣት ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲ መጣች፤ ካንሰርን ስለመከላከልና ቤተሰብ ሕመሙን እንዴት እንደሚችለው በየቤቱ እየዞረች ትጠይቅ ነበር። «ከቤተሰብዎ ካንሰር የያዘው ሰው ነበር?» አለቻት እናቴን።

ስሙ ሲጠራ እናቴ ዞር ብላ ባናውን አየችው። «የለም ልጄ፣ እግዜር ይመስገን።»

ልጅቷ ወረቀቷ ላይ ምልክት አድርጋ ልትነሳ ስትል አላስቻለኝም። «እንግዳ ግን አለ። የእታታ ጡት ላይ ነበር፣ አሁን እናቴ ጋ ዞረ። ቆሎ እያበላሁ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

እናቴ ልትመታኝ እጇን አነሳች፣ ግን አልመታችኝም። ተመራማሪዋ የጻፈችውን ሰርዛ፣ በዝግታ «እትዬ፣ የት ጋ ነው ያለው?» አለቻት።

በሳምንቱ እናቴ ለሕክምና ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሄደች፤ ለፋሲካ አንድ ጡቷን ትታ ተመለሰች።

ዛሬ የምኖረው ከተማ ነው። ካንሰርን በስሙ እጠራዋለሁ፣ ምርመራዬንም አላሳልፍም። እናቴ ግን ስትደውል አሁንም በሹክሹክታ «እንግዳ አልመጣብሽም?» ትለኛለች። «አልመጣም» እላታለሁ፣ ተሳስቀን እንዘጋለን። ያኔ ቆሎውን አይጥ ይበላው እንደነበር ካወቅሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ባናውን እናቴ ለእኔ ሰጥታኝ አልጋዬ ላይ አነጥፈዋለሁ፤ እሱ ባለበት ክፍል ግን ቆሎ አሳድሬ አላውቅም።