ቀይ ላይ የቀረው የሙቀት ጠቋሚ

ከደሴ የተነሣነው ጎህ ሲቀድ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ በበረዶ የታሸገ የኩፍኝ ክትባት ዋጃ ማድረስ ነበረብኝ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው እንዲጠብቁን በቀበሌ በኩል ተነግሯቸዋል። የመሥሪያ ቤቱን መኪና የሚነዱት ጋሼ ይመር ናቸው።

ወልድያ ላይ ፉል በዳቦ በላን። ጎብዬን ስናልፍ የቆላው ሙቀት በመስኮት ገባ። ግራና ቀኙ ማሽላ ነው፤ ዝናቡ ሰምሮለት ዘለላው አጎንብሷል። ግመሎች መንገድ ሲያቋርጡ ቆመን አሳለፍን።

ሮቢት

ከተማዋ መግቢያ ላይ የሞተሩ ሙቀት ጠቋሚ ዘሎ ቀዩን መታ። ጋሼ ይመር ግራር ሥር አቁመው ሞተሩን አጠፉ።

«ሞተሩ ቢቃጠል መሥሪያ ቤት ሆን ተብሎ የተሠራ አሻጥር ነው የሚሉት። የምጠየቀው ደግሞ እኔ ነኝ» አሉ።

ኮፈኑን ከፈትን። እንፋሎት የለም፤ የሚፈላ ነገርም አይሰማም። ወፍ ከማሽላቸው ሲያባርሩ የነበሩ አንድ አዛውንት ውሃ በጀሪካን ይዘውልን መጡ። እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ክዳኑን ስንከፍተው ግን ራዲያተሩ ሙሉ ነው። በዚህ መሐል በረዶዬ ይቀልጣል።

«ጋሼ፣ የበሽተኛው ግንባር ቀዝቃዛ ሆኖ ቴርሞሜትሩ አርባ ቢለኝ፣ የምጠረጥረው ቴርሞሜትሩን ነው» አልኳቸው።

ተመልሰው ጋቢና ገቡና ቁልፉን ብቻ አዞሩ። ሞተሩ ሳይነሣ ጠቋሚው ተስፈንጥሮ ቀይ ላይ ወጣ። የውሃውን ሙቀት ለክታ ለጠቋሚው የምትነግረው ሞተሩ ላይ የተሰካች ጣት የምታህል ናስ ናት። ጋሼ ይመር ሽቦዋን ነቀሉና «አሁን እይው፣ ሲስተር» አሉኝ። ጠቋሚው ወረደ። መልሰው ሲሰኩት እንደገና ቀይ።

«ሽቦውም ጠቋሚውም ደህና ነው። የታመመችው ናሷ ናት!» አሉ።

መለዋወጫ ግን የለም። ያለ መለኪያ መንዳት ከበዳቸው።

«የሚመጣ ነገር ካለ አብረን እንጠየቃለን» አልኳቸው።

አዛውንቱ ጀሪካኑን ከኋላ እየጫኑልን «አላህ ያድርሳችሁ፤ የልጄ ልጆችም ዋጃ ናቸው» አሉ።

ዋጃ

ቆቦንም አልፈን፣ በየመሐሉ እየቆምን የራዲያተሩን ቱቦ እየዳሰስን ሄድን። አንዴም አልፈላም። እናቶቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። ከበረዶው የቀረው ትንሽ ነው፤ ክትባቱ ግን ቀዝቃዛ ነው። እስኪመሽ ስወጋ ጋሼ ይመር የሚያለቅሱትን ሕፃናት እያባበሉ ያዙልኝ። ራታችን የማሽላ እንጀራ በወተት ነበር፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ራት ጥቂት ነው።

ደሴ

በማግሥቱ በዚያው አኳኋን ተመለስን። ጋራዥ ውስጥ አዲሷ መለኪያ ስትገጠም ጠቋሚው መሐል ላይ ረጋ። ጋሼ ይመር ያለ መለኪያ መንዳታቸውን ለኃላፊያችን አልደበቁም። እኔም አጠገባቸው ቆሜ «የወሰንነው ሁለታችን ነን» አልኩ።

ኃላፊው «ልጆቹ ተከተቡ?» ሲል ጠየቀ።

«ሁሉም» አሉ ጋሼ ይመር።

ብቻቸውን ቢሆኑ ከሮቢት ይመለሱ እንደነበር ኋላ ነገሩኝ። እኔም ብቻዬን ብሆን ያን ሽቦ መንቀል ከየት ይመጣልኝ ነበር? ከዚያ ወዲህ ለቆላ ጉዞ ስታዘዝ መጀመሪያ የምጠይቀው የሚነዳው ማን እንደሆነ ነው።