አርጂያ ድምፅ ያልሰጠችበት እሁድ

አርጂያ ሞንቶርሲን የማውቃት ከፋብሪካው ጀምሮ ነው። የሸክላ ንጣፍ በሚተኮስበት ምድጃ አፍ ላይ አብረን ሠላሳ ዓመት ቆመናል። ዛሬም የምንኖረው አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ እሷ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ሁለተኛ። በጣሊያኗ ከተማችን በፒዬቬ ሳንታ ኦርሶላ ሰው ኮሚኒስት ፓርቲውን ሲያስብ የሚታየው የእሷ ፊት ነበር። በየዓመቱ ጥር ሲገባ የአባልነት ካርድ ይዛ ደጃፍ ለደጃፍ ትዞራለች። በበጋው የፓርቲ በዓል ድንኳን ውስጥ ቆማ ቶርቴሊኒ ለሚባለው ሥጋ ለሚሞላ ፓስታ ሊጥ ስትዳምጥ ትውላለች። ምርጫ ሲደርስ ደግሞ ሕንፃው በሙሉ ደረጃው ላይ ይጠብቃታል፤ “አርጂያ፣ የቱ ላይ ነው ምልክት የምናደርገው?”

ፓርቲው ስሙን ሲቀይርና ማጭድና መዶሻው ከካርዱ ላይ ሲነሳ አልቅሳለች። አልቅሳም አዲሱን ካርድ ይዛ ዞረች። ሁለተኛ ጊዜ ሲቀይር አላለቀሰችም። በሦስተኛው አዲሱ ስም አፏ ላይ አልገባ ብሏት ሰው በጠየቃት ቁጥር “ያው የኛው ነው” እያለች ታልፍ ነበር።

እንግዲህ ይኸው የኛው ያለችው ፓርቲ ነው አምና በመጋቢት የከተማውን መዋለ ሕፃናት ለግል ኩባንያ አስተላልፋለሁ ብሎ የተነሳው።

መዋለ ሕፃናቱን ያመጣነው እኛ የምድጃ ሴቶች ነን። ከሃምሳ ዓመት በፊት ልጆቻችንን የት ጥለን ወደ ሥራ እንግባ ብለን ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ አሥራ ሁለት ቀን ተቀምጠናል። አርጂያ ያኔም ሆነ ከዚያ ወዲህ ልጅ አልወለደችም፤ ግን ከሁላችንም ፊት የእህቷን ሕፃን በጋሪ እየገፋች የገባችው እሷ ነበረች። የዚያን ቀን የተነሳ ፎቶ አለ።

ውሳኔው በተሰማ ሳምንት የፓርቲው ስብሰባ ላይ ተነስታ ተናገረች። “ጓዶች” ብላ ስትጀምር ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች ፈገግ አሉ። ሰብሳቢው ኔሪዮ ጓልዲ ነበር፤ የባሏ ሚዜ፣ ባሏም ሲሞት ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ። ኩባንያውኮ ልጆቹን አይበላቸውም፣ አሠራሩ ዘመናዊ ይሆናል እንጂ ብሎ ሊያግባባት ሞከረ።

“ያኔ መዋለ ሕፃናቱ ለግል ይሰጥ ያሉ ጊዜ ማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ ወጥቶ የጮኸው ማን ነው?” አለችው። “አንተ አይደለህም?”

“ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር።”

“እኔስ ስንት ነበርኩ?”

ኔሪዮ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። “እሺ፣ ወዴት ልትሄጂ ነው ታዲያ? ወደነዚያ?” አላት። በቁጣ አልነበረም። የምትሄድበት እንደሌላት ስለሚያውቅ ነው። ያንገበገባትም እሱ ነው።

“እነዚያ” ማለት የእህቷ ልጅ ኢቫን ነበር። አባቱ ለሩሲያ በነበረው ፍቅር ያወጣለት ስም ነው፤ ዛሬ ግን በቀኝ ክንፎቹ የእጩዎች ዝርዝር ለከንቲባነት ይወዳደራል። የብረታ ብረትና የቀለም ሱቅ አለው። ሳይነግራት ያንን ፎቶ አሳትሞ በየግድግዳው ለጠፈው። አርጂያ በሃያ አራት ዓመቷ ጋሪውን ይዛ ቆማለች፤ ከሥሯ “የኛ መዋለ ሕፃናት፣ ለኛ ልጆች” ይላል።

መጀመሪያ ያየችው ከጎረቤቷ ከፋቲሃ ጋር ሆና ነው። ፋቲሃ ከሞሮኮ መጥታ አሥራ ስድስት ዓመት... አይደለም፣ ልሳሳት አልፈልግም፣ እዚህ ከተማ መጥታ እኛ ሕንፃ ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። በፋብሪካው ማሸጊያ ክፍል ትሠራለች። ሂባ የምትባል ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ አለቻት፤ መዋለ ሕፃናቱ ውስጥ ነው የምትውለው። ፋቲሃ ጽሑፉን ቀስ ብላ አነበበችና ዘወር አለች።

“እማማ አርጂያ፣ ‘ለኛ ልጆች’ ሲሉ ሂባንም ማለታቸው ነው?”

አርጂያ በቀጥታ ወደ ኢቫን ሱቅ ሄደች። የሆነውን እኔ የሰማሁት ከራሷ ነው። ፎቶዬን አውርድ አለችው። እሱ ቀለም እየበጠበጠ ነበር።

“አክስቴ፣ ጋሪው ውስጥ ያለሁት እኮ እኔ ነኝ። ፎቶው የኔም ነው።”

“ከሥሩ የጻፍከውስ?”

“እሱን ለቀቅ አድርጊው፣ የምርጫ ወሬ ነው። አንቺ የምትፈልጊው መዋለ ሕፃናቱ የማዘጋጃ ቤት ሆኖ እንዲቀር አይደል? እኔ አስቀረዋለሁ። ኔሪዮ ይሸጠዋል። ያናደደሽ እኮ የልብሽን የምሠራልሽ እኔ መሆኔ ነው።”

ልጁ እውነቱን ነበር። ፎቶው ከተለጠፈ ወዲህ አርጂያ ዳቦ ቤት እንኳ ስትገባ ሰው ወሬውን ያቋርጥ ጀመር። ግማሹ ለእህቷ ልጅ ብላ ፓርቲውን ካደች አለ፤ ግማሹ አይዞሽ፣ በመጨረሻ ገባሽ እያለ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። የቱ እንደሚብስ አላውቅም አለችኝ። እኛም እንደ ልማዳችን ደረጃው ላይ ጠበቅናት፤ የቱ ላይ ነው ምልክቱ? ለመጀመሪያ ጊዜ “አላውቅም” ብላን ወጣች።

በምርጫው እሁድ ጥዋት ጥሩ ካፖርቷን ለብሳ ድምፅ ወደሚሰጥበት ትምህርት ቤት ወረደች። መታወቂያዋን ሰጠች፤ ድምፅ መስጫ ወረቀቱን ሲዘረጉላት ግን እጇን አልዘረጋችም። አልቀበልም፣ አለመቀበሌም መዝገብ ላይ ይጻፍልኝ አለች። የጣቢያው ኃላፊ ወጣት መምህርት ናት፤ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት ስለማያውቅ የመመሪያውን መጽሐፍ ማገላበጥ ያዘች። ከኋላ ሰልፉ ረዘመ። የሁለቱም ወገን ታዛቢዎች አንገታቸውን አሰገጉ።

“ምን ብዬ ልጻፍ ታዲያ?” አለቻት መምህርቷ።

“እዚያ ወረቀት ላይ እኔ የለሁበትም ብለሽ ጻፊ።”

ጻፈችላት። አርጂያ ፈረመችና ወጣች።

ኢቫን በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ አሸነፈ። ከእኛ ሕንፃ ብቻ ሃያ ሁለት ሰው ቤቱ ቀርቷል፤ አንዷ እኔ ነኝ። ከተማው ይህን ለማስላት ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ኔሪዮ ሰላምታ ነሳት። ኢቫን ደግሞ አበባ ላከላት፤ አስፋልት ዳር ካለው ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ አስቀምጣው ተመለሰች።

መዋለ ሕፃናቱ ቃል እንደተገባው የከተማው ሆኖ ቀረ። በመስከረም ግን አዲስ ደንብ ወጣ፤ ቅድሚያ የሚያገኙት ወላጆቻቸው እዚህ ከተማ አሥር ዓመት የኖሩ ልጆች ናቸው። ሂባ ቦታዋን አጣች።

አርጂያ ከንቲባው ዘንድ ሄደች። ኢቫን ቡና አዘዘላት፣ ስለ እናቱ ጉልበት አጫወታት፣ ደንብ ደንብ ነው አላት። ከዚያ ክብሯን ውጣ ኔሪዮ ዘንድ ሄደች። እሱ በሩን ገርበብ አድርጎ ቆሞ፣ “ሂጂና የሾምሽውን ሰው አነጋግሪ” አላት። ፊርማ ላሰባስብ ብላም ወጣች። ለሂባ የሚያዝኑት ከእሷ ስም በታች አንፈርምም አሉ፤ መዋለ ሕፃናቱ በመትረፉ የተደሰቱት ደግሞ አሁን ምን ጎደለሽ አሏት። ሁለት ሳምንት ዞራ ያገኘችው ስድስት ስም ነው።

ፋቲሃ አልወቀሰቻትም። “የሚይዝልኝ ካላገኘሁ ሥራዬን መተዌ ነው” ብቻ አለቻት፤ አርጂያም አምጫት አለቻት።

አሁን ሂባ ጥዋት ጥዋት ሦስተኛ ፎቅ ትውላለች። የአርጂያ ጉልበት ደረጃውን በቀን ከአንዴ በላይ አይችለውም፤ ስለዚህ ሁለቱም አይወጡም። የሳሎኗ መስኮት የመዋለ ሕፃናቱን ግቢ ቁልቁል ያሳያል። አራት ሰዓት ሲሆን ልጆቹ ለጨዋታ ይለቀቃሉ፤ ሂባም አንዳንዶቹን በስማቸው እየጠራች መስታወቱን በመዳፏ ትመታለች። ባለፈው ሳምንት እንቁላል ላደርስላት ወጥቼ ሁለቱንም እዚያው አገኘኋቸው።

“ለምን ሌላኛው ክፍል አትወስጃትም?” አልኳት።

“ወስጃት ነበር” አለች አርጂያ። “ድምፃቸው እዚያም ይሰማል።”