በሮጠና በሸሸ መካከል

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ለሁሉም «መዝገበ ቃላት» ነበረች። ለውጭ አገር ባለቤቶቹ የሚላከውን ወረቀት ሁሉ ሃያ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው እሷ ናት። ታናሽ እህቷን አስተምራ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ያስደረገቻትም እሷው።

ምሳ ሰዓት ላይ እህትማማቾቹ የእንግሊዝኛ ቃል ይመዝኑ ነበር። «‹ረን› የእግር ነው» ትላታለች። «‹ሃሪ› የሚባለው ጊዜ ያጠረው ሰው ነው፤ ተቀምጦ እየጻፈም ይቸኩላል። ‹ፍሊ› ግን ጥሎ የሸሸ ነው።»

«እታለም ደግሞ! ሁሉም ያው መፍጠን አይደል?»

«አይደለም። አንዱ ያስመሰግናል፣ አንዱ ያስከስሳል።»

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የጥጥ መጋዘኑ ተቃጠለ። ዘበኛው ጭሱን አይተው ስልክ ቢሞክሩ አልሠራ አላቸው፤ እርዳታ ሊጠሩ ወደ ዋናው በር ተጣደፉ። መዝገበ ቃላት ቃላቸውን ስትተረጉም «ሃሪድ» ብላ ጻፈች። እህቷ በኮምፒውተር ገልብጣ አመጣችላት፤ እሷም አምናት ሳታነብ ፈረመች።

በሁለተኛው ሳምንት ዘበኛው የስንብት ደብዳቤና የሪፖርቱን ቅጂ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። ምን በድዬሽ ነው?»

አነበበችው። «ፍሌድ» ይላል፤ ጥለው ሸሹ። እርዳታ ፍለጋ የሚለው ጭራሽ የለም። ከሥሩ የራሷ ፊርማ ተቀምጧል።

በቀጥታ እህቷ ጋ ገባች። «አንቺ ነሽ የቀየርሽው?»

እህቷ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሳችም። «አለቃዬ እሳቱ የተነሳው እሱ ሳያስቀይር ከተወው አሮጌ የመብራት መስመር ነው እንዳይባል ፈለገ። አንዲት ቃል እኮ ናት።»

«እኔው ያስተማርኩሽ ቃል!»

«ታዲያ ሥራዬን ልጣ? ሰውየው እንደሆነ ጡረታቸው ደርሷል።»

«ባጎረስኩ ተነከስኩ» አለችና ወጣች።

የመጀመሪያውን የእጅ ጽሑፏን አልጣለችውም ነበር። «ፊርማው የኔ ነው፣ ቃሉ ግን አይደለም» ብላ ከማብራሪያ ጋር ለባለቤቶቹ ላከችው። አጣሪ መጣ። ዘበኛው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፣ ሥራ አስኪያጁ ከኃላፊነቱ ተነሳ፣ እህቷም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረች።

ሰው «እንኳን ደስ አለሽ» ሲላት አንገቷን ትደፋለች። ከዚያ ወዲህ የማንንም ግልባጭ መስመር በመስመር ሳታነብ አትፈርምም፤ ምሳዋንም ብቻዋን ትበላለች። እሁድ እሁድ እናታቸው ቤት ሲገናኙ ለእናታቸው ሲሉ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ።

«ምን ሆናችሁብኝ፣ ልጆቼ?» ይላሉ እናት።

«ምንም» ይላሉ ሁለቱም፣ እኩል።