የእትዬ በረኪና ማስረጃ

የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ነች። ሐኪሙም ዘበኛውም «እትዬ በረኪና» ነው የሚሏት። እድፍ አይታ ማለፍ አይሆንላትም፤ እንግድነት ሄዳ እንኳ የሰው ጠረጴዛ ልብስ በጥፍሯ ስትፍቅ ተይዛለች።

ያን ቀን ጣሪያው ላይ አንሶላ ስታሰጣ ፀሐዩ ድንገት ቀነሰባት። ጣሪያው ላይ ያሉት ርግቦች ሁሉ ዝም አሉ። ቀና ስትል፣ ከራሷ በላይ አንድ ሦስት ማዕዘን ጥቁር ነገር ቆሟል። ድምፅ የለው፣ ክንፍ የለው። ዓይኗን ጨፍና ስትገልጥ ነገርዬው የለም። ጥላው ግን አንሶላው ላይ ቀርቷል። ብትነካው እንደ በረዶ ቀዘቀዛት።

ለልጇ ደውላ ያየችውን ነገረቻት። ልጇ ድሮም «እማዬ ደክመሻል፣ ሥራው ይቅርብሽ» እያለች ስትነዘንዛት ነው የከረመችው።

«ይኸው! ያልኩሽ ደረሰ፤ ጭራሽ ሰማይ ላይ የሌለ ነገር ማየት ጀመርሽ?» አለች ልጅ። «አሁኑኑ መጥቼ አለቃሽን አነጋግራለሁ። በቃ፣ ቤትሽ ትቀመጫለሽ።»

«ጥላው አንሶላው ላይ አለ፤ ነይና በዓይንሽ እዪው። ካላየሽ፣ ሥራዬን እተውልሻለሁ።»

ነፋስ እንዳይወስድባት አንሶላውን አውርዳ ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠበቀች። ጠበቀች፤ ጠበቀች። እጅ ግን አመሉን አይተውም። ልጇ ደረጃውን ወጥታ ብቅ ስትል እናት እጇ እስከ ክርኗ ሳፋ ሙሉ አረፋ ውስጥ ነበር።

«የታል?»

እትዬ በረኪና ንጹሑን አንሶላ አየች፤ እጇን አየች። ክው አለች። «ውይ... አጠብኩት!»

«ማስረጃሽን? በሳሙና?» ልጅ ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት። «በይ ሽርጥሽን ፍቺ፣ እንሂድ።»

እናት ሽርጧን ፈታች። ልጅ ሳፋውን ልትደፋ ጎንበስ አለችና ውሃው ውስጥ የገባ እጇን ነጠቅ አድርጋ አወጣች። በዚያ ፀሐይ የውሃው ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል። አረፋው ገለል ሲል፣ ሳፋው ውስጥ፣ ከውሃው ስር ሦስት ማዕዘን ጥላ ተኝቷል። ቀና አለች፤ ሰማዩ ላይ ደመና እንኳ የለም። ሳፋውን ጎተተችው። ጥላውም አብሮ ተጎተተ።

«እማዬ...» አለች። «እንዳትደፊው።»

ሽርጡን አንስታ መልሳ እናቷ ወገብ ላይ አሰረችላት። ቋጠሮውን ሳትጨርስ ርግቦቹ ዝም አሉ።

ፀሐዩ ቀነሰ።

«ቀና እንዳትዪ» አለች እትዬ በረኪና፣ አንሶላውን እየጨመቀች። «የጥላው ባለቤት መጥቶ ነው።»