ያልተዘጋው መንገድ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ለሚስቴም አልነገርኩም። ለእናንተ የምነግረው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ማዘን የፈለገ ለእትዬ ብርቅነሽ ይዘን። እኔ ዋሽቻለሁ። መንገዱ ወለል ብሎ ክፍት ሳለ ተዘግቷል ብያለሁ።

ከምንኖርበት ከፉትስክሬይ ለንግሥ ወደ ሩቁ ከተማ ወደ አደላይድ የሚሄደውን ሚኒባስ የምነዳው እኔ ነበርኩ። እትዬ ብርቅነሽ አስኮት ቬል ሰፈር ከመንግሥት ኪራይ ቤቶቹ፣ ከፍላቶቹ በአንዱ የሚኖሩ እናት ነበሩ። መጀመሪያ የኖሩት አደላይድ ነው፤ ልጃቸው ሱዳን ቀርታባቸው ሲያለቅሱ አደላይድ ቤተ ክርስቲያን ላለው መልአክ ተስለው ነበር። ልጄን ካመጣህልኝ የወርቅ ጥልፍ ያለው ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ፣ በንግሥህ ቀን ታቦትህ ላይ ሲዘረጋ በዓይኔ አያለሁ ብለው። ልጅቱ መጣች። ጃንጥላውም ተገዛ። በአንሶላ ጠቅልለው፣ ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ከኋላዬ ተቀመጡ። ከኋላ ልጫንልዎት ብላቸው እምቢ አሉኝ።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። እስከ አደላይድ ያለውን ሜዳ አሥራ አንድ ዓመት በጭነት መኪና ተመላልሼበታለሁ፤ ከዲር ፓርክ መጋዘን አደላይድ፣ ከአደላይድ ዲር ፓርክ። ስንዴ ብቻ ነው። ግን ሰዎቹ በየመንገዱ ዳር ጉድ ሠርተዋል። ፎቅ የሚያህል የኮዋላ፣ የዛፍ ላይ እንስሳቸው፣ ሐውልት አቁመዋል። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ደግሞ የሰው ፊት የተሳለባቸው ትልልቅ የእህል ጎተራዎች አሉ፣ ሲሎ የሚሏቸው። ወደዚያ የሚጠቁመውን ቡናማ ታፔላ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አነበብኩት፤ አንድ ቀን መሪ አላዞርኩም። መኪናው የሌላ ሰው፣ ሰዓቱ የሌላ ሰው። እኔስ ሰው አይደለሁም? አንድ ጊዜ ባያቸው ምን ነበረበት?

ገጠር ሞቴል አድረን በንግሥ ቀን ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ታፔላው ጋ ስደርስ መሪውን አዞርኩ። መንገዱ ተዘግቷል፣ ዲቱር ነው፣ በዙሪያ መንገድ ሂዱ ተብሏል አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ሹፌር ዲቱር ነው ካለ ዲቱር ነው፤ ማን ይከራከራል? የአደላይድ ሰዓት ከእኛ በግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ እሱ ይሸፍንልኛል ብዬ በሆዴ አስልቻለሁ። የሰይጣን ስሌት።

ሲሎው ላይ ያለው የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ፊት ነው፤ ከግንባሩ መጨማደድ እስከ ባርኔጣው ጫፍ አንድም የቀረ የለም። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ፎቶ ተነሳ። እትዬ ብርቅነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉና፣ "ይሄ ጻድቅ ማነው?" አሉኝ። ጻድቅ አይደለም፣ የአገሩ ገበሬ ነው አልኳቸው። ደግመው አዩትና ሳቁ። አባታቸው ዕድሜ ልካቸውን አርሰው አንዲት ፎቶ እንኳ እንዳልተረፈቻቸው ነገሩኝ። ከዚያ ጃንጥላውን እንደታቀፉ ሲሎውን ዞሩት፣ እየሳቁ። እንዲያ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ይህን አልክድም። ደስ ብሎኛል፤ እሰይ፣ እንኳን አየን ብያለሁ።

አደላይድ ስንደርስ ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ጠበል ጸዲቅ እየቀመሰ ነው። ቄሱ ጃንጥላውን እንቀበልዎት አሏቸው። እትዬ ብርቅነሽ ግን አይሆንም አሉ፤ ሲዘረጋ ላየው ነው የተሳልኩት፣ ለከርሞ ይዤው እመጣለሁ አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ያኔ አፌን ብከፍት ምን ነበር? ክንዴን መታ መታ አደረጉኝና፣ "አንተ ምን ታደርግ ልጄ፣ መንገዱ ተዘግቶ" አሉኝ። እኔም አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ይሄኛው ከመጀመሪያው ውሸት ይብሳል።

ከርሞን አላዩም። በሁዳዴ አረፉ። ልጃቸው ጃንጥላውን እንደተጠቀለለ ቤቴ ድረስ አመጣችው። መንገድ ተዘግቶ እንኳ ያደረሰኝ እሱ ነው፣ ስለቴንም እሱ ያድርስልኝ ብለው እንደተናዘዙ ነገረችኝ። ለቀጣዩ ንግሥ አደላይድ ወሰድኩት። ያን ዓመት ታፔላውን ቀና ብዬ አላየሁትም። ታቦቱ ሲወጣ ጃንጥላው ተዘረጋ፣ ወርቁ ፀሐይ ላይ አብለጨለጨ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። እሳቸው ሊያዩት የተሳሉትን እኔ አየሁት። እኔ፣ ያስቀረሁባቸው ሰውዬ።

ሲሎውን በማየቴ ተጸጸት እንዳትሉኝ፣ አልጸጸትም። ዛሬም ውብ ነው፣ ሂዱና እዩት። ግን ሲሎ የት ይሄዳል? በመመለሻችን ብንሄድ እዚያው ቆሞ እናገኘው ነበር። ይህን ያን ጠዋትም አውቅ ነበር። ስንመለስ ሁሉም ለሥራው ይቸኩላል፣ አይፈቅዱልኝም ብዬ ነው። እትዬ ብርቅነሽን ብለምናቸው ግን እሺ ይሉኝ ነበር። አልለመንኳቸውም።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የሚችሉት አንድ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ እያመሰገኑኝ ሞቱ።