ያልሰማሁት ፉጨት

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ጅማ መርካቶ አጠገብ ቡና መፈልፈያ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው ቀን ፎርማኑ ማሽኑ ፊት አቁሞ “ዓይንሽን ጨፍነሽ ስሚ” አለኝ። ጀንፈሉ፣ ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ ሲሞላ ድምፁ ይወፍራል፤ ሲጎድል ይቀጥናል። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ግራሶ፣ ማለትም ቅባት፣ ሲያንሰው በድምፁ ላይ ቀጭን ፉጨት ይመጣል። ያኔ ማጥፋት ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፤ ለዚህ ግን በቃኝ።

ከረዳትነት ተነስቼ ዋና ኦፕሬተር ሆንኩ። ለጆሮዬ መከለያ የሰጠኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ለሌላው ግን እከራከር ነበር። የተፈለፈለውን ቡና በእጅ የሚለቅሙት ሴቶች የምሳ ሰዓት ሲቀነስ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ ጮኼያለሁ።

የመጨረሻዋ ረዳቴ ከጅማ አጠገብ ከሰቃ የመጣችው ከዲጃ ነበረች። አንድ ቀን፣ መኪና ጭነት እየጠበቀ፣ ማሽኑን በድንገት አጠፋችው። እንደሞላ ስለቆመ ጀንፈሉ ውስጡ ተቀረቀረ። ስናወጣ ዋልን።

“ምን ነካሽ?” አልኳት።

“ያፏጫል እኮ! ማሎ እትዬ፣ አልሰሙም?”

“እኔ ያልሰማሁትን አንቺ ከየት አመጣሽው?”

ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም ጠራ። “ፉጨት ነበር?” ብሎ ጠየቀኝ።

“የለም። ማሽኑ ደህና ነበር።”

“ወላሂ ሰምቻለሁ!” አለች። የዚያኑ ዕለት ተባረረች። እኔም እውነት ተናገርኩ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

በሳምንቱ ኩሽኔታው ተቃጠለ። እኔ ያኔም ምንም ፉጨት አልሰማሁም ነበር። ሆስፒታል ሄድኩ። ወጣቱ ባለሙያ ማዳመጫ አጠለቀልኝና “ማዘር፣ ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ” አለ። ጥቂት ጊዜ አነሳሁ። ከዚያ ማዳመጫው ጸጥ አለ።

“ቀጥል እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?”

“ቀጫጭኖቹን አሰምቼ ጨረስኩ።”

አስረዳኝ። የጆሮ ውስጠኛው ክፍል እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠማዘዘ ነው። ቀጭን ድምፅ መግቢያው ላይ፣ ወፍራሙ መጨረሻው ላይ ይያዛል። አንጎልም ከየት እንደተላከለት አይቶ ቅጥነቱን ይለያል። የማሽን ጩኸት ቀድሞ የሚጎዳው የቀጭኑን ቦታ ነው።

“ታዲያ ማሽኑ እንደ ድሮው የሚሰማኝ ለምንድን ነው?”

“ያልደረሰውን ድምፅ አንጎልዎ እንደሌለ ይቆጥረዋል። የጎደለ አለ ብሎ አይነግርዎትም።”

በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። “ከዲጃን ይመልሷት። መስክሬ ያስባረርኳት እኔ ነኝ።”

“ቦታዋ ተይዟል።”

“የእኔን ይስጧት!”

“ለእርስዎም ቦታ ሰው አለን። መስማት እንደማይችሉ አሁን ራስዎ ነገሩኝ።”

በወሩ አሰናበተኝ።

ሰቃ ሄጄ ከዲጃን የሰው ማሳ ላይ ቡና ስትለቅም አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት። እጇ አላረፈም።

“እትዬ፣ አልሰማሁም ቢሉ ይበቃኝ ነበር” አለች። “እርስዎ ግን የለም አሉ።”

 

ማሽን ቤት የምትሠሩ፣ ስትጠየቁ ለጆሯችሁ የደረሰውን ብቻ ተናገሩ። ሌላ ሰው ሰማሁ ካለ ማሽኑ ይቁም።