ጉልበቴ ደጃፍ የሚራገፍ መድኃኒት

ስለ ጉልበቴ ምክር ያልሰጠኝ ሰው ሞጆ ውስጥ የለም። ጠዋት ጠዋት ከናዝሬት የሚያመጣን የሚኒባስ ሹፌር ሶደሬ ወርጄ ፍል ውሃ እንድዘፈዘፍ ነገረኝ። የቢሮአችን ጽዳት ሠራተኛ ዝንጅብል ከምን ከምን ጋር ቀጥቅጣ በብልቃጥ አመጣችልኝ። ከሁሉም የባሰው አለቃዬ ነው፤ ወንበር አዘጋጀልኝ።

እኔ ትራንዚተር ነኝ። ዕቃ ከጅቡቲ ታሽጎ ደረቅ ወደቡ ሲገባ ወረቀቱን ይዤ ከጉምሩክ ፈታሹ ጋር ኮንቴይነሩ ሥር እቆማለሁ፤ ካስፈለገም ላዩ ላይ ወጥቼ እቆጥራለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ኖሬአለሁ። አቧራውንም ፀሐዩንም ለምጄዋለሁ፤ ያልለመድኩት ቁጭ ማለትን ነው። አለቃዬ የወደብ መግቢያ ባጄን ተቀብሎ ኮምፒውተር ፊት ሊያስቀምጠኝ እንዳሰበ ሲነግረኝ "ለእርስዎ ብዬ ነው እኮ" አለኝ። ለእኔ ብሎ የሚጀምር ሰው ደህና ነገር ይዞልኝ መጥቶ አያውቅም።

እሱን ለማሳፈር ኪኒን ላይ ወደቅኩ። እብጠት የሚያበርድ ነው፤ ፋርማሲስቱም ከምግብ በኋላ ብሎ ነግሮኛል። በመሃል ሁዳዴ ገባ። እኔ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። መድኃኒት ግን ምግብ አይደለም ብዬ ጠዋት ጠዋት ሁለት ኪኒን በአንድ ጉንጭ ውሃ እውጥ ጀመር። የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው "ብዪ" እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ለዚያ ነው ያልጠየቅኳቸው። በአምስተኛው ሳምንት ሁለት ኮንቴይነሮች መሃል ቆሜ የቡና አተላ የመሰለ ነገር አስመለሰኝ። አንድ ሹፌር ክንዴን ደግፎ የመኪናው ጥላ ሥር አስቀመጠኝና "አዴ፣ ይሄ ደም ነው" አለኝ።

ናዝሬት ሆስፒታል ተኛሁ። ጨጓራዬ ካገገመ በኋላ ለጉልበቴ የተመደበችልኝ ሐኪም በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል ናት። ያንን ኪኒን ሁለተኛ እንዳልነካው አስጠነቀቀችኝ። ተናደድኩ። ያመመኝ ጉልበቴ፣ ጨጓራዬ ምን ቤት ነው አልኳት። ሳቀችና ወረቀት ላይ ሰው ሣለች። ኪኒኑ በሆድ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ መላ ሰውነት ይዞራል፤ ጉልበት ጋ የሚደርሰው ከጥቂቱ ጥቂቱ ነው። በዚያ ላይ ራሱ መድኃኒቱ የጨጓራን መከላከያ ያሳሳል። ቀጥላ አሁን ስለሚጠና ነገር ነገረችኝ። ናኖ ፓርቲክል ይሉታል፤ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ ቅንጣት ነው። መድኃኒቱን ውስጡ ጭነው በመርፌ በቀጥታ መገጣጠሚያው ውስጥ ያስገቡታል፤ እዚያው ተቀምጦ ቀስ በቀስ ይለቀዋል፤ ሌላውን አካል እምብዛም አይነካም።

አላስጨረስኳትም። ይሄማ የእኔ ሥራ ነው! ጅቡቲ የታሸገ ኮንቴይነር ሞጆ ሳይደርስ አይከፈትም፤ መንገድ ላይ ከተከፈተ ሰው ይጠየቅበታል። የእኔ ኪኒን ግን ሚሌ ላይ ሲያራግፍ፣ አዋሽ ላይ ሲያራግፍ መጥቶ ጉልበቴን ባዶ ካርቶን ያስረክበዋል። ይህን ሁሉ ዓመት የሰውን ጎማና የሰውን ጨርቅ ሳይጎድል ለባለቤቱ ሳደርስ፣ ለእኔ መድኃኒት እንዲህ የተጨነቀ ሰው እንዳልነበረ ሳስበው ደሜ ፈላ።

"ታዲያ የት ነው ያለው?" አልኳት።

"አብዛኛው ገና ምርምር ላይ ነው፣ እናቴ። እኛ ጋ የለም። ባዶ ተስፋ አልሰጥዎትም።"

ስላላታለለችኝ ወደድኳት። ለጊዜው ያላትን ሰጠችኝ፤ የሚቀባ መድኃኒት፣ ሲብስ ብቻ የምትወጋኝ የጉልበት መርፌ፣ ከዚያ ደግሞ ስፖርት። አንድ ኪሎ ጨው ቁርጭምጭሚቴ ላይ በሻሽ አስሬ፣ ተቀምጬ እግሬን ቀጥ አድርጌ ማንሳት። ከሆስፒታል ስመለስ አለቃዬ ባጄን ተቀብሎ ያስቀመጠኝ ወንበር ለካ ለዚህ ነበር የሚያስፈልገኝ። ቢሮ ውስጥ፣ እሱ እያየኝ፣ ጨዌን አስሬ አነሳ ነበር። ሳቁብኝ። ይሳቁ። ጉልበቴ ያመኛል፣ እሰድበዋለሁ፣ አነሳዋለሁ።

ከሦስት ወር በኋላ አለቃዬ ጋ ገብቼ ባጄን ጠየቅኩት። ጉልበትዎ መቼ ዳነ አለኝ። አልዳነም፣ ግን አብሮኝ ይሠራል አልኩት። ሰልችቶት ይሁን እንጃ፣ ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝ። የመጀመሪያው ቀን መሰላሉን በጎኔ፣ አንድ እግሬን እየጎተትኩ ወጣሁ። አመመኝ፤ አልዋሽም። ፈታሹም ሹፌሩም ቆመው ጠበቁኝ።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ ነበረኝ። ያ በመርፌ የሚገባው ቅንጣት ወደ እኛ የመጣ ቀን ትደውልልኝ ዘንድ ስልኬን እንድትጽፍ ጠየቅኳት። ብዙ ዓመት ሊፈጅ ይችላል ብላ ዓይኗን ካርዴ ላይ ጣል አደረገች፤ ዕድሜዬ የተጻፈበት ጋ። የት እንዳየች አይቻለሁ። ቁጥሩን አንድ በአንድ ጠራሁላት፤ አንገቷን ደፍታ ጻፈች።

"ይፍጅ" አልኳት። "አንቺ ብቻ ደውይ። ቤት ካጣሽኝ ወደብ ነኝ።"